ሚስቶቻቸውን ወክለው የመጡ

የምክር ቤቱ ግማሽ ወንበር ለሴቶች ይሁን ሲባል እሰይ የሚልም፣ ጉድ ፈላ የሚልም አይጠፋም። እኔ የቱ ጋ እንደምቆም እስከ ዛሬ አላውቅም። ነገሩን በዓይኔ ባላየው ይሻለኝ ነበር። ካየሁት ወዲህ ጭራሽ ተምታታብኝ።

ከሮብ ገበያ ከተማ ወጣ ባለች ቀበሌ ሳስተምር፣ ጽሕፈት ትችላለህ ተብዬ የቀበሌው ምክር ቤት ጸሐፊ ሆንኩ። ምርጫው በታዘዘው መሠረት ግማሽ በግማሽ ተካሄደ፣ እልል ተባለ። ለመጀመሪያው ስብሰባ አዳራሹ ስገባ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ በሴቶቹ አግዳሚ ላይ ጋቢያቸውን የተከናነቡ ባለ ጢም ሰዎች ተደርድረዋል።

«ሴቶቹስ?» አልኩ።

«እኛ ነና! ሚስቶቻችንን ወክለን» አለኝ አንዱ፣ ምን እንዳስገረመኝ ግራ ገብቶት። በዚያ አገር ሙግት የማያውቅ ሰው የለም፤ ለሌላው ተወክሎ ችሎት መቆምም የተለመደ ነው። መዝገቤን ይዤ ቦታዬ ተቀመጥኩ።

ራሷ የመጣች ሴት አለምነሽ ብቻ ነበረች። ባሏ ስለሞተ የምትልከው የላትም። የዕለቱ ጉዳይም የእሷው ነው። የባሏ ወንድም ጌታነህ፣ የሟቹ መሬት ለእኔ ይገባል ብሎ ከሷታል። ይኸው ጌታነህ ሚስቱን ወክሎ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጧል! ለድምፅ እጅ ቢወጣ መሬቷ እንደሚሄድ ከሰዎቹ ፊት ይነበብ ነበር።

አለምነሽ ተነሣች። «ወንድሞቼ፣ ወኪል ከሆናችሁ የላኪዎቻችሁን ቃል ንገሩን። ሚስቶቻችሁ ስለ መሬቴ ምን አሉ?»

የጠየቀ ኖሯል እንዴ?

በሽማግሌነት የተጠሩት ቄስ፣ «እውነቷን ነው፤ ወኪል ከራሱ አይጨምርም። ሂዱና ጠይቃችሁ ተመለሱ» አሉ። መዋሸት የማይሞከር ነው፤ ቄሱ የሚስቶቻቸውም የነፍስ አባት ናቸው።

ከምሳ በኋላ አንድ በአንድ እየተነሡ፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ፣ «መሬቷን አትንኩባት ብላለች» አሉ። ጌታነህ በመጨረሻ ተነሣ።

«እኔማ ይገባኛል እላለሁ» አለ። ጋቢውን አስተካከለና፣ «ሚስቴ ግን ‹ነገ አንተ ብትሞት እኔንስ ማን ሊያባርረኝ ነው?› ብላለች» አለ። ከዚያ ራሱን አቀርቅሮ ለአለምነሽ እጁን አወጣ።

በሳምንቱ የወረዳው ሹም የሴቶቹ ተሳትፎ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ከአንዷ በቀር ማንም አልመጣችም፤ የወሰኑት ግን እነሱ ናቸው። ራሴን አከክሁና፣ «ደኅና ነው» አልኩት።