ዳሌ የሚቀድምበት ጨዋታ

ጎልፍ የጀመረ ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ አለኝ፤ በላቸው ይባላል። ዱላውን ከገዛ ወዲህ ሰላምታ ትቷል። ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ባዶ እጁን እየወዘወዘ፣ «መጀመሪያ ዳሌህን አዙር፤ እጅህ ራሱ ይከተላል። ዋናው ታይሚንግ ነው» ይለኛል።

አባቴ ያረፈ ዕለት የእድራችን ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ እሱም መጣ። አንዱን ቋሚ እንዲይዝልን ብንለምነው፣ «ወገቤን ያመኛል» አለ። ወዲያው ጃንጥላውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በለቀስተኛው ፊት ዳሌውን እያሽከረከረ ለአጎቴ የጎልፍ ምት ያሳየው ጀመር። አጎቴ እንባውን እየጠረገ፣ «ይሄ ሰውዬ ደህና ነው?» አለኝ።

ትምህርቱ ግን ከንቱ አልቀረም። አሁን በላቸው ከሩቅ ብቅ ሲል፣ ታይሚንጌን ጠብቄ መጀመሪያ ዳሌዬን አዞራለሁ፤ ፊቴ ራሱ ይከተላል።