ሳይሞላ የወጣው ጀልባ

(ሐይቅ ከተማ፣ የውሃው ዳር። ጠዋት ሦስት ሰዓት። ፈዲላ ጀልባ ውስጥ ተቀምጣለች። ባሏ ጠልሐ፣ የመካነ ሰላም መናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ፣ አንድ እግሩን ጀልባው ላይ አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ቆሟል። አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ መቅዘፊያቸውን ታቅፈው ይጠብቃሉ።)

ጠልሐ፦ አይወጣም!

ፈዲላ፦ ኧረ ግባ፣ የአፍናን አባት! ሰው እያየን ነው።

ጠልሐ፦ ሳይሞላ አይወጣም አልኩ! ይሄ አሥር ሰው የሚጭን ጀልባ ነው። ስምንት ሰው ይጎድለዋል።

ፈዲላ፦ ኮንትራት ነው የያዝነው። እኔና አንተ ብቻ።

ጠልሐ፦ ሃያ ዓመት መናኸሪያ ስሠራ ሳይሞላ ያስወጣሁት መኪና የለም። ምጥ የያዛት ሴት ያለችበትን መኪና እንኳ አንድ ሰው ጎድሎት አቁሜዋለሁ።

ፈዲላ፦ አውቃለሁ። ምጥ የያዛት እኔ ነበርኩ።

ጠልሐ፦ ታዲያ አፍናን ስትወለድ ሞላ፤ አስወጣሁት! ሥራ ማለት እንዲህ ነው። (ለቀዛፊው) አባቴ፣ ቦሎ አለዎት? የመውጫ ወረቀትስ ማን ቆረጠልዎት?

(ቀዛፊው ይስቃሉ።)

ፈዲላ፦ እሳቸውን ተዋቸው። እሑድ ሸህ ሁዜይፋ ደጅ እንቀርባለን። ወይ ታርቀን ነው፣ ወይ ኒካሁ ሊፈርስ ነው። ከዚያ በፊት ያለን ቀን ይሄ ነው። ቀኑን መሬት ላይ ቆመህ ልትጨርሰው ነው?

ጠልሐ፦ እኔንም ያናደደኝ እሱ ነው! አሁን ማን ይሙት፣ ሽማግሌ ፊት እንደዚያ ይባላል? «ልጄ፣ ለምን ልትፈቺው ፈለግሽ?» ሲሉሽ ምን አልሽ? «ሐይቅ ደሴቱ ድረስ ይውሰደኝ፤ እዚያ ስንደርስ ለራሱ እነግረዋለሁ።» ሸህ ሁዜይፋ ጢማቸውን እንደያዙ ቀሩ። ሌላው ሽማግሌ አቶ ንጉሡ ደግሞ «ይሄ የውሃ ነገር ነው፣ ጠበል ውሰዷት» አሉ።

ፈዲላ፦ ግባ ብዬሃለሁ።

ጠልሐ፦ እዚሁ ንገሪኝና እንመለስ።

ፈዲላ፦ እንዲያውም እስክንደርስ ገምት። ሁሉን የምታውቅ አይደለህ?

(ጠልሐ ይገባል። ጀልባው ይናወጣል። የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ አንቆ ከፈዲላ ፊት ለፊት ይቀመጣል።)

ጠልሐ፦ ያ ጀሊሉ! ሹፌር! ቀስ!

ፈዲላ፦ ፈራህ?

ጠልሐ፦ እኔ? ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ በዚያ መንገድ የተናጠ ሰው ውሃ ይፈራል? ለእኛ አገር ሰው እኮ ይሄ አስፋልት ነው። (ጀልባው ይንቀሳቀሳል።) ቀኝዎን ይያዙ አባቴ! ቀኝዎን!

ፈዲላ፦ በባዶ ሐይቅ ላይ ቀኝ ምን ያደርግላቸዋል?

ጠልሐ፦ ሕግ ሕግ ነው። (ስልኩ ይጮኻል።) ሃሎ! አንተ ይሄነው! ውሃ ላይ ነኝ ወላሂ! ደሴት ልገባ ነው። አዎ፣ ዙሪያውን ውሃ። እንዴት መኪና ይገባል ትላለህ አንተ? እንኳን መኪና የሰው ዱካ የለም! በዚህ አገር የእኔ ስምሪት ያልደረሰበት ቦታ ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ለመናኸሪያው ልጆች ሁሉ ንገርልኝ፣ እሺ? (ይዘጋል።) ምን ታፈጥጪብኛለሽ?

ፈዲላ፦ ግንባርህ ላይ ጠባሳ አለ።

ጠልሐ፦ የሚኒባስ በር መታኝ።

ፈዲላ፦ መቼ?

ጠልሐ፦ አምና ነዋ! እቤት ገብቼ ሳላወራልሽ ቀርቼ ነው? አንድ ሳምንት አይደል ያወራሁት?

ፈዲላ፦ ስታወራ ሰምቻለሁ። አላየሁትም እንጂ።

ጠልሐ፦ ጉድ እኮ ነው። ይሁን፣ ልገምት። የጨው ነገር ነው? ባለፈው ወጡ ጨው አንሶታል ስላልኩ?

ፈዲላ፦ አይደለም።

ጠልሐ፦ የእናቴ ነገር ነው። «ፈዲላ ከሳች» ብላ ለጎረቤት ስላወራች።

ፈዲላ፦ እናትህንማ አላህ ያኑርልኝ። በዚያ ቤት መክሳቴን ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጠልሐ፦ እንዲያ ከሆነ ገባኝ! በቃ ገባኝ! «ጠልሐ ሁለተኛ ሊያገባ ነው» ብለው አወሩልሽ። ወላሂ ሐሰት ነው፣ ፈዲላ! የቀበሌ ወሬ ነው! ከአንቺ ሌላ ሴት አላየሁም!

ፈዲላ፦ እኔንስ መች አየኸኝና።

ጠልሐ፦ ምን አልሽ?

ፈዲላ፦ አህያ አየሁ አልኩ። ያውና፣ ዛፉ ሥር። አህያ አይደለም?

ጠልሐ፦ (ዞር ብሎ ያያል።) አህያ ነው።

ፈዲላ፦ ደሴት ዙሪያውን ውሃ ነው አላልክም?

ጠልሐ፦ ዙሪያውን።

ፈዲላ፦ ታዲያ አህያው በምን ገባ? እኔ መቼም አይገባኝም፤ አስረዳኝ።

ጠልሐ፦ (ደስ ይለዋል፤ ይመቻቻል።) አየሽ ፈዲላ፣ አህያው አልገባም። እዚያው ተወለደ። እናቱ ናት የገባችው፣ ገና ውርንጭላ ሳለች፣ በጀልባ፣ በሰው ጭን ላይ።

ፈዲላ፦ እንዲያ ነው! የተጫነው ጤፍስ? እሱም እዚያው ተወለደ?

ጠልሐ፦ ጤፉ... ጤፉ በጀልባ መጥቶ አህያው ተቀበለው። እኛም ደሴ ላይ የመጣን ዕቃ ወደ ሌላ መኪና እናዛውር የለ? እንደሱ ነው።

ፈዲላ፦ አጃኢብ! ሰው አውቆ ይኖራል። ያቺ ሰማያዊዋስ? የምትንፏቀቀዋ?

ጠልሐ፦ የቷ?

ፈዲላ፦ ባጃጅ መሰለችኝ።

(ጠልሐ ዓይኑን ያሻል። ቀዛፊው አንገታቸውን አቀርቅረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።)

ጠልሐ፦ ባጃጅ ናት። ምን አለ? ተፈትታ ነው የገባችው። ጎማው ለብቻው፣ ሞተሩ ለብቻው፣ ሸራው ለብቻው። እዚያ መካኒክ አለ፤ ይገጥማታል።

ፈዲላ፦ የደሴት መካኒክ።

ጠልሐ፦ የደሴት መካኒክ።

ፈዲላ፦ እሱስ እዚያው ተወለደ?

ጠልሐ፦ አንቺ ደግሞ! ሰው እንደ አህያ ነው? ሠልጥኖ ነው የገባ!

ፈዲላ፦ ይቅርታ። ሰው ግን በዝቶባታል፤ አምስት ሆነዋል።

ጠልሐ፦ ትርፍ! ትርፍ ጭኗል! ተመልከች የሰውን ክፋት፤ ደሴት ላይ ትራፊክ እንደማይደርስበት አውቆ እኮ ነው! (ብድግ ይላል፤ ጀልባው ይናወጣል፤ ተመልሶ ዱብ ይላል።) ታርጋውን ባየሁት!

ፈዲላ፦ ከኋላዋ ደግሞ ሚኒባስ አለ።

ጠልሐ፦ የለም።

ፈዲላ፦ አለ።

ጠልሐ፦ የለም አልኩሽ! ሚኒባስ ሊኖር አይችልም!

ፈዲላ፦ ጣራው ላይ ፍራሽ ጭኗል። ሁለት ፍየልም አለው። ይሄንንም ፈትተውት ነው?

ጠልሐ፦ ሚኒባስ አይፈታም።

ፈዲላ፦ ታዲያ?

ጠልሐ፦ ውሃው... በበጋ ውሃው ይጎድላል። ሲጎድል መኪናው ቶሎ ብሎ ይሻገራል። ከዚያ ውሃው ሲሞላ እዚያው ይቀራል። አሁን እንግዲህ እስከሚመጣው በጋ እዚያ መሥራቱ ነው።

ፈዲላ፦ አሁን ምንድን ነው፣ በጋ አይደለም?

ጠልሐ፦ የጥያቄ መዓት! አሥር ሰው በሚጭን ጀልባ ላይ ሃምሳ ጥያቄ ጫንሽበት እኮ! ደግሞስ ደርሰሽ ምን ልታዪ ነው? ደሴቱ ላይ ያለው ገዳም ሴት አያስገባም። ከበሩ መመለስሽ ነው።

ፈዲላ፦ እኔ የገዳም ጉዳይ የለኝም። የውሃው ዳር ይበቃኛል። ጉዳዬ ካንተ ጋር ነው።

ጠልሐ፦ ይሄ ነገርሽ ያስፈራኛል፣ ፈዲላ። ከምሬ ነው። ሌሊት ሌሊት እያሰብኩት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ካገባሁሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። መታሁሽ? አልመታሁሽም። አስራብኩሽ? አላስራብኩሽም። ሰከርኩ? እኔና መጠጥ አንተዋወቅም። ብትሄጂብኝ ቤቱ ቤት አይሆንም፤ ልጆቹም... ምን አደረግኩሽ?

ፈዲላ፦ ደረስን። ውረድ።

(ጀልባው ዳር ይነካል። ሁለቱም ይወርዳሉ። ከመንገዱ በኩል የሚኒባስ ረዳት ድምፅ ይሰማል፦ «ሐይቅ ከተማ! ሐይቅ ከተማ! ሁለት ሰው ነው የቀረን!» ጠልሐ እንደ ደነገጠ በሬ ጆሮውን ያቆማል።)

ጠልሐ፦ ሐይቅ ከተማ? በምን አድርጎ? አባቴ! ይሄ መኪና ወዴት ነው የሚሄደው?

ቀዛፊው፦ ወደ ከተማ ነዋ ልጄ። መንገዱ ያውና።

ጠልሐ፦ መንገድ አለው?!

ቀዛፊው፦ ድሮ ደሴት ነበር ይላሉ። ውሃው ሸሸና በአንድ በኩል ከየብስ ተያያዘ። እኔ ስወለድም በእግር ነበር የሚገባው።

ጠልሐ፦ ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ! መንገድ ላይ ሁሉ ስለ አህያ እናት ስቀባጥር ዝም ብለው ይቀዝፋሉ?

ቀዛፊው፦ ባለቤትህ አደራ አትንገሩት ብላኝ ነዋ። አደራ ደግሞ አይበላም።

ጠልሐ፦ ፈዲላ! ታውቂ ነበር?

ፈዲላ፦ ትናንት ደሴ ጓደኛዬ ሰብሌ ቤት ስናድር ነገረችኝ። በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም አለችኝ።

ጠልሐ፦ እያወቅሽ ነው እንደ ሞኝ ስትጠይቂኝ የነበረው? ለይሄነው ምን ልለው ነው? መናኸሪያው በሙሉ ሊስቅብኝ ነው!

ፈዲላ፦ ደስ ብሎኝ ነው የጠየቅኩህ። የማታውቀውን ነገር ስታወራ የግራ ቅንድብህ ይነሣል። ከዛሬ በፊት አላውቅም ነበር።

ጠልሐ፦ ቅንድቤን ተይው! በየብስ መምጣት ስንችል በዚህ ሙቀት አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ ላይ ያቆየሽኝ ለምንድን ነው?

ፈዲላ፦ መቅደም ስለማትችል ነው።

ጠልሐ፦ ምን?

ፈዲላ፦ ጀልባ ላይ መቅደም የለማ። ከኒካሃችን ማግስት ከአባቴ ቤት ስንወጣ ከፊት ሄድክ፤ ተከተልኩህ። ገበያ ስንሄድ አንተ ከፊት ነህ። ለቅሶ ስንሄድ ከፊት ነህ። አፍናን በኩፍኝ ታማ አቅፌያት ሐኪም ቤት ስንወስዳት፣ አንተ ከፊት ሆነህ መንገድ ታሳየኛለህ። ማን መንገድ ጠየቀህ? «ጠብቀኝ» ስልህ «ቶሎ ቶሎ በይ» ትለኛለህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገባሁት ከጀርባህ ጋር ነው። ኮትህ ከኋላው የት የት እንደተጣፈ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ። ፊትህ ግን ጠፋብኝ። ይሄን ሽማግሌ ፊት ባወራው ይስቁብኛል፤ «ባል ከፊት ካልሄደ ማን ሊሄድ ነው?» ይሉኛል። ለእነሱ ትንሽ ነገር ነው። እኔን ግን ደከመኝ፣ ጠልሐ። ከኋላ ከኋላ መሄድ ደከመኝ።

(ጠልሐ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።)

ጠልሐ፦ ይሄን... አላወቅኩም ነበር።

ፈዲላ፦ (ለቀዛፊው) ሰሙልኝ አባቴ? «አላወቅኩም» አለ! ምስክሬ ነዎት!

ጠልሐ፦ አትቀልጂብኝ። ያማል እኮ። አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አለማየቴ... ፈዲላ፣ አፉ በይኝ።

ፈዲላ፦ (እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።) እኔ ቂም የለኝም። ግን አፍ ብቻ እንዳይሆን።

ጠልሐ፦ ወላሂ አይሆንም! ከዛሬ ጀምሮ ጎን ለጎን ነን! ገበያም፣ ለቅሶም፣ ሰርግም፣ እኩል! ተነሽ፣ አሁኑኑ በእግራችን እንመለስ። ያ ሚኒባስም አያስፈልገንም። ነይ!

(ብድግ ብሎ መንገዱን ይጀምራል። በረጅም በረጅሙ ይራመዳል፤ እጁን እያወናጨፈ ያወራል።)

ጠልሐ፦ እሑድ ሸህ ሁዜይፋ ፊት ቆሜ «ጥፋቱ የእኔ ነው» እላለሁ፤ አላፍርም! ሰው ሲለወጥ እንዲህ ነው! እንዲያውም መናኸሪያ ላሉት ባለትዳሮች ሁሉ አስተምራለሁ፤ «ሚስቱን ከኋላው ያስከተለ መውጫ አይቆረጥለትም» እላለሁ! እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ ተጠንቀቂ። ሰዉ ሲያየን ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? «ጠልሐና ፈዲላን አያችኋቸው፣ ትከሻ ለትከሻ ሲሄዱ!» ይሄ ጭቃ ነው፣ በግራ በኩል ዙሪ። አብሽሪ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትሄጂም። እጅሽን አምጪ። (እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል።) አምጪ እንጂ፣ አትፈሪ። ፈዲላ? ፈዲላ!

(ዞሮ ያያል። መንገዱ ላይ ማንም የለም። ጀልባው ከዳር ርቋል። ፈዲላ ብቻዋን መሐሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀዛፊው እየሳቁ ይቀዝፋሉ።)

ጠልሐ፦ (ወደ ውሃው እየሮጠ) ኧረ በነቢ! የአፍናን እናት! ጠብቂኝ! ጠብቂኝ እንጂ!

ፈዲላ፦ (ከውሃው ላይ) ይቺን ቃል አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኔ ነበርኩ የምላት!

ጠልሐ፦ ለሽማግሌዎቹስ ምን እንላለን? ኒካሁስ?

ፈዲላ፦ ማዶ ዳሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ! ስትሄድ አይቼህ ጠገብኩ፣ ጠልሐ፤ እስቲ ዛሬ ደግሞ ስትመጣ ልይህ!