የዘበኛው ዘፈን ዕድል

ይሄ ዘፈን ከተወደደ ምን ይውጠኛል?

ወይዘሮ ተዋበች ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲያገላብጡት ዋሉ።

የልጅ ልጃቸው ዮስያስ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማውን የለቀቀው በዚያ ሰሞን ነው። ዘፈኑ የፍቅር ነው። የሚወዳት ልጅ የምትኖርበት ግቢ ዘበኛ አላስገባ ቢለው፣ «ዘበኛው ደክሞታል፣ ቁልፉን ተቀበሉት» ብሎ ዘፈነ፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። የዚህ አገር ሰው ግን ዘፈን ሲሰማ ከሥሩ ሌላ ነገር ሳይቆፍር አያድርም። ባለቤታቸውም በጊዜው ስለ ዝናብ ነበር የዘፈነው፤ «መቼ ነው የሚያባራው» ብሎ። የቤታቸው ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ነው። ዘፈኑ አገር ምድሩን ሲያዳርስ ተዋበች በደስታ እልል አሉ። በዚያው ሰሞን የመንግሥት ሰዎች መጥተው ወሰዱት፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ ለዘፈን ጆሯቸው ነቃ። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ ተዋቡ፣ ይሄኛውስ አንደኛ ይወጣል?» እያለ ይጠይቃቸዋል፤ ስተውም አያውቁም። ምልክታቸው የታክሲ ረዳት ነው። «ፒያሳ፣ ፒያሳ» የሚለውን በአንድ አዲስ ዘፈን ዜማ ከተጣራ፣ ያ ዘፈን አለቀለት፣ ከተማውን ያዘ ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ወተት ገዝተው ሲመለሱ ረዳቱ በዮስያስ ዜማ ሲጣራ ሰሙ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ትሑት እንግዳ በሩን አንኳኳ። ከሬዲዮ ነኝ አለ፤ በየሳምንቱ ስለሚመረጡት አሥር ዘፈኖች አስተያየት እየሰበሰበ ነው። ከዮስያስ ዘፈን በቀር ግን የቀሩትን ዘጠኙን በስም አልጠራም።

«እማማ፣ እርስዎ አይስቱም ይባላል። የልጁ ዘፈን ብዙ ይሰማል?»

«ከተሰማ ምን ልታደርጉለት ነው?»

«እንፈልገዋለን። ሽልማቱ ቤት ድረስ ይመጣል።» ፈገግ አለ። «ዘበኛው ግን ማን ነው?»

«ጋሽ ደምሴ ነዋ፣ የብሎክ ስድስቱ። ሄደህ ጠይቀው፤ እንቅልፉን ከጨረሰ።»

እንግዳው አልሳቀም። ዓይኑን ወደ ጓዳው በር ላከ። ከበሩ ጀርባ ዮስያስ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። አያቱ ለሰፈሩ ዘፋኝ ሁሉ የሚሰጡትን ቃል ለእሱ ገና አልሰጡትም፤ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ የዋለው ይህንኑ ነው።

ተዋበች እዚያ መቆሙን ያውቃሉ።

«አይሰማም፣ ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ከፍ አድርገው። «ድምፁ ሻካራ፣ ዜማው የትም የማይደርስ። ሳምንት ሳይሞላው ይረሳል። ለእሱ ብላችሁ አትድከሙ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«መቼ ስቼ አውቃለሁ?»

የጓዳው በር ተከፈተ። ዮስያስ ወጣ፤ ከእጁ የማይለየውን ጊታሩን ግን አልያዘም። ተዋበች ዓይን ዓይኑን አዩት፤ እሱ አንገቱን እንደደፋ ጫማውን አጠለቀ። ውሸቴን ነው ሊሉት ከንፈራቸው ተላቀቀ። እንግዳው ግን ገና ከወንበሩ አልተነሣም ነበርና መልሰው ገጠሙት። ልጁም ከቤት ወጣ፤ ብቻውን፣ በገዛ እግሩ።