ዝሆን ጉሬዛዎቹን ሊያውቅ የመጣ ጊዜ

እንስሳት እንደ ሰው ገበያ ይወጡ በነበረበት ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ጫካ ውስጥ ቸኮሌት የሚሠራበትን ካካዎ የሚያለሙ ጉሬዛዎች ነበሩ። ጫካው ሁሉ ነገር ሞልቶት ጨው ብቻ አልነበረውም። ክረምት በገባ ቁጥር ልጆቻቸው ጨው አምሯቸው ድንጋይ ይልሱ ነበር። ጨው የሚያመጣላቸው ደላላው አያ ጅቦ ነው። አንድ ቁና ካካዎ ይወስድና አንድ ቁንጥር ጨው ይሰጣል፤ እሷንም መንገድ ላይ ልሷት ነው የሚመጣው።

አንድ ቀን ቸኮሌት ቤት ያለው ዝሆን ወንዙን ተሻግሮ መጣ።

«ከእንግዲህ ደላላ የለም» አለ። «በቀጥታ ከእናንተ እገዛለሁ፤ ለአንድ ቁና አንድ አሞሌ ጨው። ብቻ አስቀድሜ ልወቃችሁ። ኑሯችሁን ልይ፣ ደስተኞች መሆናችሁን ላረጋግጥ።»

ጉሬዛዎቹ እልል አሉ። አያ ጅቦን በጩኸት አባረሩት። እነሱ ዘንድ እንግዳ ባዶ አፉን አይሸኝምና፣ የበሰለ የካካዎ ፍሬ ከዛፍ አወረዱለት። እንግዳው ግን ዝሆን ነበር።

«ደስተኞች ናችሁ?» አለ አፉ እንደ ሞላ።

«እጅግ በጣም!» አሉ። እንግዳ ፊት ሌላ ምን ይባላል?

በሳምንቱ ሚስቱን አስከትሎ መጣ፤ እሷም ልታውቃቸው ፈልጋ ነው። ቀጥሎ አማቾቹ መጡ። ሁሉም ደስተኞች መሆናቸውን ጠየቁ፤ ሁሉም በሉ። የመንደሩ አዛውንት እሜቴ ጉሬዛ «በሞቴ፣ ይህቺን ብቻ!» እያሉ ያጎርሷቸው ነበር።

አንድ ጎረምሳ በሸንጎ ተነሥቶ «ኧረ ፍሬው አለቀ፤ አትምጡ እንበላቸው!» ቢል ሸንጎው በድንጋጤ ጆሮውን ደፈነ።

«እንግዳን አትምጣ? ምን ይሉናል!» ብለው እሜቴ ገሠጹት።

በመከር ቀን ዝሆኑ ቃሉን አክብሮ፣ አሞሌውን በጀርባው ቆልሎ ደረሰ። ውሸታም አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ቀና ሲል ዛፉ ሁሉ ባዶውን ቆሟል።

«ካካዎውስ?»

ጉሬዛዎቹ ሆዱን አዩ።

«ላልተቀበልኩት ብከፍል ምጽዋት ይሆናል» አለ ዝሆኑ አዝኖ። «እናንተን መናቅ ነው። እኔ ደግሞ አከብራችኋለሁ።» አሞሌውን እንደ ተሸከመ ዞረ። ደግ ስለ ነበር ግን ቆም ብሎ፣ «ቅር ያላችሁ ነገር ካለ ሳትፈሩ ንገሩኝ» አላቸው።

እሜቴ ጉሬዛ ድንጋይ የሚልሰውን የልጅ ልጃቸውን አቅፈው እንባቸውን ጠረጉ።

«ምንም ቅር አላለንም ጌታዬ። ብቻ መንገድ ላይ አያ ጅቦን ካገኙት፣ ተመለስ ብለውሃል ይበሉልን። ሌባ ነው፤ ግን ምሳውን ቤቱ በልቶ ነበር የሚመጣው።»