እትዬ ዘርፈሽ ለሰፈሩ ሲፈተኑ

ጥናት በገባበት ሰፈር ሁሉ በእናቶች ፋንታ የምትመልስ አንዲት ሴት አትጠፋም። እናትየዋ ልጇን ታቅፋ ገና አፏን ሳትከፍት መልሱ ከጀርባዋ ይመጣል። ልጁ መቼ ተወለደ? ከጀርባ። ትናንት ምን ቀመሰ? ከጀርባ። ስንቴ አስነጠሰ ተብሎ ቢጠየቅ እንኳ ቁጥሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ይህችን ሴት ማንም አልመረጣት፣ ማንም አልሾማት፣ አበል የሚባል ነገር አይታሰብላት፤ ሥራዋን ግን አንድ ቀን አታስታጉልም።

አርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው ጫኖ ይህ የከበረ ወንበር የእትዬ ዘርፈሽ ነው።

መረጃ ሰብሳቢዋ ኑሃሚን ይህን የተረዳችው በመጀመሪያው ቀን ነው። ከአርባ ምንጭ በባጃጅ መጥታ፣ ታብሌቷንና የሕፃን ሚዛኗን ተሸክማ፣ ኪያ የምትባል ልጅ እግር እናት ግቢ ውስጥ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጠች። የተቀጠረችበት ጥናት ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ እስከ ዓመታቸው በየወሩ ይመዝናል፤ እናቶቻቸውንም ስለ ጡትና ስለ ምግብ ይጠይቃል። የፈቃድ ወረቀቱን አውጥታ "በዚህ ጥናት ላይ ለመሳተፍ..." ብላ ማንበብ ስትጀምር፣

"ፈቅዳለች!" አለ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ።

ድምፁን ተከትለው እትዬ ዘርፈሽ ራሳቸው መጡ። ስልሳን ተሻግረዋል፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረው፣ ስብሰባ ሊከፍቱ የመጡ ይመስል ዱካ ስበው መሃል ተቀመጡ።

"ይቅርታ እትዬ፣ ጥያቄው ለእናትየዋ ብቻ ነው" አለች ኑሃሚን በትሕትና።

"እሱማ ደንብ ነው፤ ደንብ ይከበራል!" ብለው ተነሡ፤ ወደ አጥሩ ማዶም ተመለሱ። መልሱ ከአጥሩ ማዶ ቀጠለ።

ምን ይደረግ! ሴትዮዋ ልምድ አላቸው። ስለ አጎበር ተጠይቀዋል፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ተጠይቀዋል፣ ስለ ውሃ፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፤ የመጨረሻው ሲመጣ ዕድሜያቸው ስልሳ ነበር፣ ቢሆንም መልስ አላጡም። ጫኖ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ቁጭ ባለበት ያፈዛል። የሙዙ ቅጠል እንደ መንሾካሾክ እያለ ሲንሿሿ፣ ከማዶ የአባያ ሐይቅ ቡናማ ውሃውን ዘርግቶ ሲያንቀላፋ፣ የኑሃሚን ዓይን ይከዳታል። አንድ ቀን ታብሌቱን እንደያዘች ጭልጥ አለች፤ በሰመመን ውስጥ ጥያቄዎቹ እንደ ቢራቢሮ በማንጎው ዙሪያ ሲበሩ ታያለች፣ እየቀለበች ወደ ሣጥናቸው ትመልሳቸዋለች።

"አሥራ ሰባተኛውን ዘለልሽ!" የሚል ድምፅ አባነናት። "‘እንገሩን አጥብተሽዋል ወይ’ የሚለውን። አጥብታዋለች፤ ጻፊ።"

በእውነትም ተዘሎ ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው። ከጫኖ የሚላከው መረጃ እጅግ ያማረ ሆነ። ከስድስት ወር በታች ያሉት ሕፃናት በሙሉ ጡት ብቻ ይጠባሉ። ከዚያ በላይ ያሉት አሥራ አንድ ልጆች ደግሞ ትናንት ገንፎ፣ ጎመን፣ ሙዝና እንቁላል በልተዋል፤ አሥራ አንዱም። ሱፐርቫይዘሩ አቶ ካሱ ስልክ ደወለ።

"ኑሃሚን፣ እዚያ ሰፈር ስንት ዶሮ አይተሻል?"

"ሦስት" አለች። ጥቂት አሰበችና፣ "አንዱ አውራ ነው" ብላ ጨመረች።

አቶ ካሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ምስጢሩ የተገለጠው በሚቀጥለው ወር፣ ባጃጁ ቀንቶት አንድ ሰዓት ቀድማ የደረሰች ዕለት ነው። ማንጎው ሥር ጨቅላ ያላቸው ዘጠኝ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በረድፍ ተቀምጠዋል። እትዬ ዘርፈሽ ፊታቸው ቆመው የሸምበቆ ዘንግ ይዘዋል።

"እስከ ስድስት ወር?"

"ጡት ብቻ!" አሉ እናቶቹ በኅብረት።

"ቢሞቅስ? ቢጠማውስ?"

"ውሃም ቢሆን አንሰጥም!"

"ስንት ጊዜ ታጠቢያለሽ? አንቺ፣ ጥግ ላይ ያለሽው!"

"አሥር ጊዜ፣ እትዬ።"

"አሥር ስትይ ዓይንሽን አታቁለጭልጪ። ሲያዩሽ ያውቃሉ።"

ኑሃሚን ከአጥሩ ጀርባ ሳቋ አመለጣት። እትዬ ዘርፈሽ ዞር አሉና ሳይደናገጡ፣ "ጥሩ፣ መጣሽ። ሴቶቹን እያዘጋጀሁልሽ ነው" አሏት።

"ለምኑ ነው የሚዘጋጁት፣ እትዬ?"

"ለፈተናው ነዋ! ባለፈው ዓመት የላይኛው ሰፈር ሴቶች ለመጣ ጥናት አፋቸው ያመጣላቸውን መለሱ፤ ከዚያ በስብሰባ መሃል ‘ዝቅተኛ’ ተብሎ ተነበበባቸው። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሄዱት። የኔ ሰፈር በኔ ዕድሜ አይወድቅም!"

ፈተና አለመሆኑን ብታስረዳ፣ ብትምል ብትገዘት፣ እትዬ ዘርፈሽ እንደ ሕፃን አባበሏት። "አውቃለሁ ልጄ፣ እንዲህ በሉ ተብላችሁ ነው" አሏት።

ይህ ሁሉ ሳቅ ሆኖ በቀረ መልካም ነበር። የኪያ ልጅ ታዴዎስ ግን እየሟሸሸ ነው። በሁለተኛ ወሩ አራት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም፣ በሦስተኛው አምስት ከአራት ነበረ፤ በአራተኛው ወር ሚዛኑ አምስት ከአንድ ላይ ቆመ። ኑሃሚን ሚዛኑ የተበላሸ መስሏት ደግማ አስቀመጠችው። ያው ነው። ክንዱን ስትለካው ቆዳው በጣቷ መሃል እንደ ሰፊ እጅጌ ተንሸራተተ። ጤና ኬላ ወስደው አስመረመሩት፣ በሽታ አልተገኘበትም። "ጡቱን በደንብ ካገኘ መጨመር ነበረበት" አለች የጤና ኤክስቴንሽኗ። ታብሌቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ እንደሚጠባ ነው። ኪያ መሬት መሬት ታያለች፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ድምፅ "አሥራ ሁለት!" ይላል። ማን ይታመን? ሁሉም መልስ ትክክል ሆኖ ልጁ ብቻ ከመልሱ ውጭ ቀረ። ኑሃሚን በዚያ ሳምንት እንጀራ ስትቆርስም፣ ባጃጅ ውስጥ ስታንጎላጅም ያች አምስት ከአንድ ከፊቷ አልጠፋ አለች። በሚቀጥለው ወር ከዚህ ዝቅ ቢልስ?

ቀጠሮ ሳይኖራት፣ በማይጠብቋት ቀን፣ በቀትር ሄደች።

የኪያ ቤት ተዘግቷል። የእትዬ ዘርፈሽ በር ገርበብ ብሏል። ሰፈሩ በሙቀቱ ጸጥ እንዳለ፣ እንጉርጉሮ የመሰለ ነገር ሰማች፤ በጋሞኛ ነው፣ ደክሞት የሚጎተት። እትዬ ዘርፈሽ ግድግዳ ተደግፈው ታዴዎስን ጭናቸው ላይ አስተኝተው በማንኪያ አንድ ነገር ያጠጡታል። ልጁ አፉን ወደ ነጠላቸው እያዞረ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ማንኪያውን ነው።

ኑሃሚንን ሲያዩ ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ።

"ጡት... ጡት ብቻ ነው የሚ..." አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ።

ኑሃሚን ታብሌቷን አላወጣችም። መሬት ላይ ከጎናቸው ቁጭ አለችና ቅጹ ላይ የሌለውን ጥያቄ ጠየቀች። "እትዬ፣ ታዴዎስ ከማን ጋር ነው የሚውለው?"

እትዬ ዘርፈሽ የወደቀውን ማንኪያ አነሡ። ከዚያ አንዴ ሲጀምሩ መቆሚያ አልነበራቸውም።

"ከኔ ጋር ነው፣ ከማን ጋር ይውላል! አባቱ ለሽመና አዲስ አበባ ከሄደ ወሬው ጠፋ። እሷ ጎሕ ሲቀድ ሙዝ ጭነት ትወጣለች፣ የምትመለሰው ፀሐይ ስትገባ ነው። እናንተ በምትመጡበት ቀን ብቻ ነው የምትቀረው። ሥራ ትውላለች ብልሽ፣ ልጇን የጣለች እናት ብለሽ ብትጽፊባትስ? ሲያለቅስ የአብሽ ውሃ በስኳር እሰጠዋለሁ፤ ዝም ይላል፣ ይተኛል። እንደማይሆን የማላውቅ መሰለሽ? ከሁላችሁም በላይ አውቃለሁ! መልሱን አውቀዋለሁ ልጄ፤ ጡቱ ነው የሌለኝ!"

ብለው ደረታቸውን በቡጢ መቱ። እንባቸው ልጁ ግንባር ላይ ጠብ አለ።

ኑሃሚን ያን ጊዜ በሴትዮዋ ላይ ስታጠራቅም የከረመችው ንዴት ሁሉ ወዴት እንደገባ አታውቅም። እቅፍ አደረገቻቸው። እኚህ ሰው በእናትየዋ ፋንታ የመለሱት የልጁን ውሎ የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ እናቱ እሳቸው ሆነው ሳሉ፣ ማንም አንድ ጥያቄ አዘጋጅቶላቸው አያውቅም።

"ሙዙ የሚጫንበት ቦታ ሩቅ ነው?" አለች።

እትዬ ዘርፈሽ እንባቸውን ጠረጉ። "ለኔ እግር ግማሽ ሰዓት ነው። ለምን ጠየቅሽኝ?" አሉ፤ ወዲያው ግን ገባቸው። መልስም አልጠበቁም። ልጁን አዘሉት፣ ጥላቸውን ዘረጉ፣ ወጡ።

የሙዝ እርሻው ውስጥ ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ቅጠሉ ከላይ ተገጣጥሞ ብርሃኑን አረንጓዴ ያደርገዋል። የመስኖው ውሃ ከጎን ከጎን እያንሾካሾከ አብሯቸው ይሄዳል። ኑሃሚን የሄዱበትን ጊዜ መለካት አቃታት፤ እየሄዱ ነው ወይስ እየተንሳፈፉ? ከፊቷ ጥቁሩ ጥላ ይወዛወዛል፣ ከጥላው ሥር አንዲት ትንሽ እግር ትታያለች። ልጁ ማልቀሱን ትቷል።

ኪያ የሙዝ ዘለላ ትከሻዋ ላይ እንደያዘች አየቻቸውና ክው አለች። "ምን ሆነብኝ?"

"ራበው እንጂ ምን ይሆናል! ቁጭ በይ!"

ቅጠል አንጥፈው አስቀመጧት። ታዴዎስ ጡቱን ሲይዝ የተሰማው የመምጠጥ ድምፅ ከጭነት መኪናው ሞተር በላይ ነበር። አስጫኙ ሰዓት ይሄዳል እያለ መጣ፤ እትዬ ዘርፈሽ ጥላቸውን አጠፉና መሃል መንገድ ላይ ቆሙ። ምን እንዳሉት ኑሃሚን በደንብ አልሰማችም፤ ሰውየው ግን ባርኔጣውን አውልቆ ሲመለስ አይታለች። ከዚያ ቀን በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በረፋድና በቀትር፣ ያ ጥላ በሙዙ መሃል ሲያልፍ ይታያል። ጠዋትና ማታ ደግሞ ኪያ ቤት ናት።

አቶ ካሱ በዚያው ሰሞን ደወለ። ካምባ የሚባል ወረዳ ክፍት የሥራ ቦታ አለ፣ እናቶቹም ራሳቸው ናቸው የሚመልሱት አላት። ኑሃሚን ሳታስብ "ጫኖን አለቅም" አለችው፤ ከዚያ ራሷን ታዘበች።

የወሩ ቀን ደረሰ። ዘጠኙም እናቶች፣ እነዚያም አሥራ አንዱ እንቁላል በልተዋል የተባሉት ልጆች ከነእናቶቻቸው ሳይቀሩ ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። ኑሃሚን ታዴዎስን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። የእትዬ ዘርፈሽ ድምፅ የለም። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

"እትዬ፣ ይምጡ ይዩት እንጂ። ማንበብ ያውቁ የለ?"

"አውቃለሁ" አሉ ሳይዞሩ። "ዛሬ ግን አንቺ በይልኝ።"

"አምስት ከዘጠኝ፤ ስምንት መቶ ግራም ጨምሯል" አለች ኑሃሚን።

እትዬ ዘርፈሽ እዚያው በቆሙበት መሬት ላይ ቁጭ አሉ።