አንድ አካል፣ አንድ ፊርማ

«ስምሽ ውሉ ላይ ኖረ አልኖረ ምን ያመጣል? ከሱቁ ማን አስወጣሽ?» አለ አባዬ ዳቦ እየደረደረ።

«እስካሁን ማንም» አለች እማዬ።

ጭቅጭቁ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ያለው ሱቃችን የተከፈተው እማዬ ብርድ ልብስ ተሸክማ በየሎኬሽኑ፣ በየድሃው ሰፈር፣ እየዞረች ሸጣ ባጠራቀመችው ነው፤ የኪራይ ውሉ ግን በአባዬ ስም ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ ይታደሳል።

መቼም ሰው ለሩቅ ሰው ማልቀስ አይከብደውም። የራሱ አሮበት የሰው ያማስላል ይባል የለ? ባለፈው ዓርብ ትምህርት ቤታችን የድሮ እንግሊዞችን ቴአትር አሳይቶ ነበር፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ሕዝቡ እየተጋፋ ያየው የነበረውን ዓይነት። አንዲት ልብስ ሰፊ በመርፌዋ ያፈራችውን ሁሉ ባሏ ይወስድባታል፤ ሕጉም «ያንተ ነው» ይለዋል። እኔ አልተወንኩም። ሰው ፊት መቆም ስለምፈራ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ቃል ለጠፋበት ማስታወስ ነበር ሥራዬ። በቀዳዳ ሳይ አባዬ ዓይኑን በመሐረብ ይጠርጋል። «ምን ዓይነት ጨካኝ ሕግ ነው!» እያለ ነው ቤት የደረሰው።

ረፋዱ ላይ የቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላቸው አሮጊት፣ ውሉን ይዘው መጡ። ለተከራይ የተተወውን ባዶ መስመር በጣታቸው አሳዩ። እማዬ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቀረበች። አባዬ ቀድሞ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ባልና ሚስት አንድ አካል ነን። አንድ ፊርማ ይበቃል» አላት።

ደነገጥኩ። ይህ እኮ የቴአትሩ ባል ለሚስቱ የሚላት ነው! አባዬን ያስለቀሰው እሱ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚስቲቱ ተራ ነው። እማዬ ግን ዝም አለች። እኔ ደግሞ፣ ምን ላድርግ፣ ቃል የጠፋበት ሰው ሳይ አፌ አያስችለውም። ከብስኩት ካርቶኖቹ ጀርባ ሆኜ በሹክሹክታ፣ በአማርኛ ለቀቅኩት፦

«አንድ ከሆንን የእኔ ይበቃላ!»

እማዬ ቀና አለች። «አንድ ከሆንን የእኔ ይበቃላ» አለችው፣ ረጋ ብላ።

አባዬ ቃሉን አወቀው። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ካርቶኖቹን አየ። በቴአትሩ ባልየው እዚህ ላይ ረጅም ንግግር አለው፤ ቢጠፋበት ላስታውሰው ተዘጋጅቼ ነበር።

አልጠየቀኝም። እስክሪብቶውን እማዬ ፊት አስቀመጠና፣ የሱቁን የብረት በር ከፍቶ ወጣ።