የብሎክ 153 ጠበቃ

ኮንዶሚኒየም ውሃ ሊጠፋበት ይችላል፤ ሊፍት ሊቀርበት ይችላል። ቁጥር የሚያዋራ ሰው ግን አይጠፋበትም። እናንተም ብሎክ አለ፤ የለም ካላችሁ ገና ደረጃ ላይ አላገኛችሁትም ማለት ነው።

የእኛው፣ የኮዬ ፈጬው፣ ክቡር ጋሽ ገብረጻድቅ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። እጣ ወጥቶላቸው ብሎክ 153 አራተኛ ፎቅ የገቡ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ስለ መስኮቱና ስለ ቧንቧው ሲያማርር፣ እሳቸው ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያዩ እንባ አቀረሩ አሉ።

"አብርሽ፣ ኪዩብ አድርጋት!" ይሉኛል ደረጃ ላይ አፈፍ አድርገው ይዘውኝ። "1 በ1 በ1፣ አንድ። 5 በ5 በ5፣ 125። 3 በ3 በ3፣ 27። ደምር!" እደምራለሁ፤ 153። "አየህ? ራሷን ወለደች!"

ይህ ብቻ ቢሆን በስንት ጣዕሙ። በሦስት የሚካፈል የፈለጋችሁትን ቁጥር አምጡ፤ አሃዞቹን እንዲሁ ኪዩብ እያደረጋችሁ ደምሩ፤ የወጣውን ደግሞ እንደገና። ዞሮ ዞሮ 153 ላይ ያርፋል። "ቤቱ ይገባል!" ነው የሚሉት እሳቸው። እኔ ስልክ የማወራ መስዬ አመልጣለሁ። ባትሪው ባለቀ ስልክ ስንቴ "ሃሎ" እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ለቅሶ ቤት እንኳ አይምሩም። "እግዚአብሔር ያጥናችሁ፤ ለመሆኑ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?" 81 ሲባሉ ፊታቸው በራ። "81... 513... 153! አይዟችሁ፣ በሁለት እርምጃ ቤታቸው ገብተዋል!" የእድሩ ዳኛ ክንዳቸውን ይዞ ከድንኳኑ አወጣቸው።

የውሃ ቦቴ የመጣ ቀን ደግሞ ወረፋ የያዘውን ጀሪካን በሙሉ እንደ አዲስ ሲደረድሩ ደረስን። ከፊት ረድፍ 1፣ ቀጥሎ ባለው 2፣ ቀጥሎ 3፣ እስከ 17። "ሲደመር 153! አንድ አልተረፈ፣ አንድ አልጎደለ!" ጀሪካኑ ሁሉ ቢጫ፤ የቱ የማን እንደሆነ ማን ይለይ? ወይዘሮ አሰጋሽ በባዶ ጀሪካን ሊሏቸው ሲሉ ነው የገላገልናቸው።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ጋሼ ደረጃው ላይ ወደቁ። ጉልበታቸው አልድን አለ። ልጃቸው ሶሊያና ፊት ለፊት ካለው ብሎክ 154፣ ግራውንድ ላይ፣ ቤት የሚለዋወጥ ሰው አገኘችላቸው። ጋሼ ግን ሞቼ ነው ቆሜ አሉ። "154? ኪዩብ ስታደርጋት 190፣ ከዚያ 730፣ ከዚያ 370 ትገባና እዚያው ትቀራለች። አትመለስም! እኔ እዚያ አልገባም።"

"አብርሽ፣ በናትህ አንተ አናግረው" አለችኝ ሶሊያና። "ደግሞ ቢወድቅ አይነሳም።"

ምን ብዬ ላናግር? ገባሁ። አልጋቸው ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ የብሎኩን ይተዉት። የቤቱን ቁጥር አይተውታል?" አልኳቸው። "3 ነው። 3 ኪዩብ ሲሆን 27። 27 ደግሞ 8 እና 343፤ 351። 351..."

"27፣ 125፣ 1..." አሉ ቀስ ብለው። "153።" መነጽራቸውን አወለቁ።

"ታዳምጠኝ ነበር እንዴ?" አሉኝ። "እኔ እኮ ከደረጃው ጋር የማወራ ይመስለኝ ነበር።"

አንጀቴን በሉት። ለካ እወዳቸዋለሁ።

ቅዳሜ ፍራሻቸውን ተሸክሜ አወረድኩ። አሁን ደረጃው ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው ግን አልተስማማኝም። ከሥራ ስመለስ 154 ጎራ ብዬ በራቸውን አንኳኳለሁ። ክቡርነታቸው ደግሞ ጥጋባቸው! "ሥራ ላይ ነኝ፣ ትንሽ ጠብቅ" ይሉኛል ከውስጥ። እኔም በራፉ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።